ድርጅትዎ ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ገንዘብ ያውጣ ወይስ አያውጣ? ከውሳኔው እስከ አፈጻጸሙ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ የድርጅት ባለቤቶች ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ገንዘብ ለማውጣት የሚወስኑት በሁለት አጋጣሚዎች ነው፤ አንድም ተፎካካሪያቸውን በቴሌቪዥን ሲያዩ፣ አንድም የድርጅታቸው ስም በቴሌግራም በክፉ ሲነሣ። ውሳኔው ከቅናት ወይም ከድንጋጤ የመጣ ስለሆነ፣ ውሉ በተፈረመ በስድስተኛው ወር እጃቸው ላይ የሚቀረው የተወሰነ ፎቶግራፍ፣ መጋዘን ውስጥ የተጠቀለለ ባነርና «ገንዘቤ ምን አመጣልኝ?» የሚል ጥያቄ ነው። በሠራተኛ ደመወዝና በባንክ ብድር መካከል ተጨንቀው የሚያድሩ ሰዎች ገንዘባቸውን በዚህ መንገድ ሲያጡ ደጋግሜ ስላየሁ ይህንን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። የተጻፈው ለአነስተኛና ለመካከለኛ ድርጅቶች ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ ደረጃ 2ን ዘልለው ወደ ደረጃ 5 የሚሄዱ ከሆነ ባይጀምሩት ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የሚገዙትን ነገር ይለዩ

በእኛ ገበያ አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ማስታወቂያ ማለት ከፍለው፣ ቃሉንም ራስዎ መርጠው የሚያስነግሩት ነው። የአየር ሰዓት ግዢም ያው ማስታወቂያ ሲሆን የፕሮግራም መልክ ይኖረዋል። ስፖንሰርነት የሌላውን ሰው ዝግጅት ወጪ ተጋርቶ ስምን ማስጠራት ነው። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ግን ድርጅቱ ከሚነካቸው ሰዎች ጋር፣ ማለትም ከደንበኞች፣ ከሠራተኞች፣ ከአካባቢው ነዋሪዎች፣ ከባንክ፣ ከተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችና ከጋዜጠኞች ጋር መተማመን እንዲኖር በዕቅድ የሚሠራ ተከታታይ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ዜናው ይውጣ አይውጣ የሚወስነው የዜና ክፍሉ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ይህንን መቀበል ካልቻሉ የሚፈልጉት ማስታወቂያ ነውና ገንዘብዎን እዚያው ያውሉት፤ ምንም ነውር የለበትም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ዜናዎን በዚህን ያህል ብር እናስወጣለን» የሚል ሰው ከመጣ የሚሸጥልዎ የተደበቀ ማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ነገሩ ሲገለጥ ተጠያቂው ጋዜጠኛው ብቻ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ችግርዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ወረቀት ይያዙና የሚከተለውን ይሙሉ፦ «እነ እገሌ ስለ እኛ ይህንን ባለማወቃቸው ወይም ይህንን በመጠርጠራቸው ምክንያት ይህንን ነገር ሳያደርጉ ይቀራሉ።»

የቤት ዕቃ የሚያመርት አንድ ድርጅት እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ሆቴል የሚገነቡ ባለሀብቶች አገር ውስጥ የታዘዘ ዕቃ በተባለው ቀን አይደርስም ብለው ስለሚጠረጥሩ፣ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁን ከውጭ ያስመጣሉ።» እዚህ ውስጥ ሰዎቹ አሉ፤ ጥርጣሬው አለ፤ የቀረው ድርጊትም አለ። «ስማችን እንዲታወቅ እንፈልጋለን» የሚለው ግን አንዱንም አይነግርዎትም፤ ለማን እንደሚናገሩ ስለማይገልጽ ለሁሉም ለመናገር ሲሞክሩ ገንዘብዎ ያልቃል።

ዓረፍተ ነገሩ ካልመጣልዎት የሽያጭ ሠራተኞችዎን ያነጋግሩ፤ ደንበኛ በር ላይ ምን ብሎ እንደሚመለስ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ከወጣዎት ደግሞ ብዙ ገንዘብ እያሳጣዎት ያለውን አንዱን ብቻ ይያዙና የቀሩትን ለሌላ ዓመት ያቆዩዋቸው።

ደረጃ 2፦ ችግሩ የስም መሆኑን ወይም የሥራ መሆኑን ያጣሩ

ይህ ደረጃ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ወጪው አንድ ደብተርና የስልክ ሂሳብ ነው። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ አይቸኩሉ።

1. በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ደብተር ያስቀምጡ። ለሁለት ሳምንት የሚደወለው ሁሉ ከነምክንያቱ፣ ደዋዩ በተናገረበት ቃል ይመዝገብ። «ቅሬታ» ብሎ ማሳጠር ክልክል ይሁን።

2. ለ15 ሰዎች ይደውሉ፦ አምስቱ በቅርቡ የገዙ፣ አምስቱ ድሮ ደንበኛ ሆነው የቀሩ፣ አምስቱ ዋጋ ጠይቀው ሳይገዙ የሄዱ ይሁኑ። የሚደውለው ሰው ሽያጭ ላይ የማይሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው ፊት ለፊት ላገለገለው ሠራተኛ እውነቱን መናገር ይከብደዋልና። «ደስተኛ ነዎት ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ከይሉኝታ የተነሣ «አዎ፣ ተመስገን» ይባላሉ። «ከእኛ ጋር ስትሠሩ ያስቸገራችሁ ነገር ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ያዳምጡ።

3. በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ስለ ድርጅትዎ የተጻፈውን የአንድ ዓመት አስተያየት ያንብቡ።

4. ድምፁን ሠራተኞችዎ በማያውቁት ሰው በኩል፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሆኖ ወደ ራስዎ ድርጅት ያስደውሉ። ስልኩ በስንት ጊዜ ተነሣ? «ቆይተው ይደውሉ» ተባሉ?

ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት። በአንደኛው ዓምድ ሰዎች ስለ እርስዎ የማያውቁትን ወይም በስሕተት የሚያምኑትን ያስፍሩ፤ በሁለተኛው ደግሞ በሚገባ የሚያውቁትንና የሚያማርሩበትን ይጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ ከረዘመ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ የሚያስፈልግዎት የሥራ ማስተካከያ ነው።

አንድ ጊዜ ያገዝኩት የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት ከአንድ የሕዝብ ግንኙነት ኤጀንሲ የመጣለትን ፕሮፎርማ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ነበር የጠራኝ። ደብተሩን በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አብረን ስንገልጠው፣ ከተመዘገቡት ጥሪዎች አብዛኞቹ «ዕቃዬ መቼ ነው የሚደርሰው?» የሚሉ ሆኑ፤ አንዲት ደንበኛ ለልጃቸው ሠርግ ያዘዙትን ቡፌ ለማስታወስ በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ደውለዋል፤ በአራተኛው ጥሪ አንጻር እንግዳ ተቀባይዋ «አልቅሰዋል» ብላ ጽፋለች። ባለቤቱ ያንን መስመር ደጋግሞ አነበበው። ፕሮፎርማውን መሳቢያ ውስጥ ከተተና፣ በዚያው ሳምንት አንዲት ሠራተኛ የማድረሻ ቀኖችን በሰንጠረዥ እየያዘች ለእያንዳንዱ ደንበኛ አስቀድማ እንድትደውል መደበ። የሕዝብ ግንኙነት ሥራውን የጀመረው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ የሚናገረው እውነት ነበረው።

ደረጃ 3፦ አምስቱን ጥያቄዎች ይመልሱ

«አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ብለው ይመልሱ፤ «በከፊል» የሚለውን እንደ «አይደለም» ይቁጠሩት።

1. ባለፉት ስድስት ወራት ለደንበኛ የገባነውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ በቀኑ ፈጽመናል?
2. በሰነድ፣ በደንበኛ ምስክርነት ወይም በዓይን ሊታይ በሚችል ሥራ የሚደገፍ የምንናገረው ነገር አለን?
3. ፈላጊው ቢጨምር ማስተናገድ እንችላለን?
4. ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ በሳምንት አራት ሰዓት ለዚህ ሥራ ይሰጣል?
5. ውጤቱን ለማየት ስድስት ወር ለመጠበቅ የሚበቃ፣ ከደመወዝና ከዕዳ ክፍያ የማይነካካ ገንዘብ አለን?

ለ1 ወይም ለ4 «አይደለም» ካሉ አይጀምሩ። አንደኛው ከሌለ የሚጠሩት ብርሃን ጉድለትዎን ያሳያል፤ አራተኛው ከሌለ ደግሞ ጋዜጠኛ ሲደውል መልስ የሚሰጥ አይኖርም፤ ባለሙያ ቢቀጥሩም የባለቤቱን ቃልና ውሳኔ ከሌላ ቦታ ሊያመጣ አይችልም። ለ3 «አይደለም» ካሉ የማምረት ወይም የማስተናገድ አቅምዎ እስኪደርስ ያዘግዩት። ለ2 «አይደለም» ካሉ ሦስት ወር ማስረጃ በማሰባሰብ ያሳልፉ። ለ5 «አይደለም» ካሉ ኤጀንሲውን ይተዉና በደረጃ 5 ላይ ካሉት አማራጮች የመጀመሪያውን ይያዙ።

ጨርሶ የማያስፈልጋቸውም አሉ። ምርትዎን የሚሸጡት ለሦስት ወይም ለአራት ትልልቅ ገዢዎች ከሆነ፣ በየሩብ ዓመቱ ቢሯቸው ድረስ ሄዶ መነጋገር ከማንኛውም መግለጫ ይበልጥ ይጠቅማል። ያልታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ ያልተዘጋ የግብር ጉዳይ ወይም በፍርድ ቤት ያለ የሠራተኛ ክርክር ካለብዎም አስቀድመው እሱን ይጨርሱ።

ደረጃ 4፦ በጀቱን ይያዙ

በጀትዎን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ካለው የበጀት ዓመት ጋር አያይዘው ያዘጋጁ፤ ሆኖም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው የሂሳብ መዝጊያና የግብር ማሳወቂያ ወቅት ስለሆነ የሂሳብ ክፍልዎ ክፍያ ሊያዘገይ እንደሚችል ያስቡ። ከኅዳር ወር መጀመር ይቀላል።

ወጪውን በሦስት ከፍለው ይጻፉ፦ ለባለሙያው የሚከፈል የሥራ ዋጋ፤ ለሦስተኛ ወገን የሚከፈል ወጪ፣ ማለትም ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮ፣ ኅትመትና አዳራሽ፤ ላልታሰበ ነገር የሚቀመጥ መጠባበቂያ። የመጨረሻው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ቢሆን ጥሩ ነው። ፕሮፎርማ ሲቀበሉ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተ ወይም ያልተካተተ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ኤጀንሲው በሦስተኛ ወገን ወጪ ላይ የሚጨምረው ኮሚሽን ካለም በግልጽ ይጻፍ። ትልቁ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በዓላት ሲደርሱ ከሚመጡ ጥያቄዎችም ይጠንቀቁ። ማዕድ ማጋራትና ችግኝ ተከላ መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ድርጅትዎ ቢሠራቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን በደረጃ 1 ከጻፉት ችግር ጋር ካልተያያዙ ወጪያቸው ከዚህ በጀት አይውጣ፤ ለብቻው የበጎ አድራጎት በጀት ይያዝላቸው። የተቸገረ ሰው ዘይትና ዱቄት ሲቀበል ካሜራ ፊት እንዲቆም አያስገድዱ። የእነዚያ ሰዎች ክብር ከእርስዎ ዜና በፊት ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ሥራውን ማን እንደሚሠራው ይወስኑ

በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ።

መጀመሪያ፣ ከነባር ሠራተኞችዎ መካከል በአማርኛ አጥርቶ የሚጽፍና ሰው የሚቀርበው አንድ ሰው ይመድቡ፤ ከሌላው ሥራው ላይ ግማሽ ቀን በትክክል ይቀነስለት። ለብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ይህ ብቻ ይበቃል።

ይህ ሰው ሦስት ወር ሠርቶ የጎደለው ችሎታ ሲታወቅ፣ ለዚያ ሥራ ብቻ በግል የሚሠራ ባለሙያ ወይም ኤጀንሲ በአንድ ፕሮጀክት ይቅጠሩ። የወር ክፍያ ያለበት የዓመት ውል የሚፈረመው ከአንድ የተሳካ ፕሮጀክት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የዓመት ውል ካልሆነ አልሠራም የሚልን ኤጀንሲ በትሕትና ያሰናብቱ።

ከሦስት ባለሙያዎች ፕሮፎርማና የሥራ ሐሳብ ሲቀበሉ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

— «ሥራዬን በየቀኑ የሚሠራው ማን ነው?» ለስብሰባው የመጣው ሰውና ሥራውን የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።
— «ያልተሳካላችሁን አንድ ሥራ ንገሩኝ።» የለንም የሚል ሰው ወይ አልሠራም፣ ወይ አይናገርም።
— «በጻፍኩት ችግር ላይ ምን ትቃወማላችሁ?» ሁሉን ነገር የሚቀበል ባለሙያ በክፉ ቀን አይጠቅምዎትም።

በውሉ ላይ የሚወጣው ሥራ ዝርዝርና ቀን፣ የቅድመ ክፍያው መጠን፣ ከእርስዎ ፈቃድ ውጭ በስምዎ ምንም እንደማይወጣ፣ ውሉ ከ30 ቀን በፊት በማሳወቅ ሊቋረጥ እንደሚችልና የፎቶግራፍ፣ የቪዲዮና የማኅበራዊ ገጾች ባለቤትነት የድርጅትዎ መሆኑ መጻፍ አለበት።

ደረጃ 6፦ ከመናገርዎ በፊት ሰነድ ያዘጋጁ

ጋዜጠኛ ደውሎ «ዛሬ ከሰዓት ያስፈልገኛል» ሲል ሰነድ መፈለግ አይጀመርም። አንድ ፎልደር ውስጥ እነዚህ ይቀመጡ፦ የድርጅቱ ትክክለኛ ስም በንግድ ምዝገባው እንደተጻፈው፣ የተመሠረተበት ዓመት፣ የሠራተኛ ብዛት፣ ምርቱና አድራሻው የሰፈረበት የአንድ ገጽ መግለጫ፤ ጽሑፍ ያልተለጠፈባቸው ጥራት ያላቸው አሥር ያህል ፎቶግራፎች፤ የቃል አቀባዩ ስምና ስልክ፤ ሊጠየቁ የሚፈሯቸው አሥር ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

የመጨረሻውን አይዝለሉት። «ዋጋችሁ ለምን ጨመረ?»፣ «ሠራተኛ ተጎድቶ ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?»፣ «ባለፈው ዓመት ቃል የገባችሁት ምን ደረሰ?» የሚሉትን ጻፉና መልሱን ጮክ ብለው ይለማመዱ። መልሱ ከሦስት ዓረፍተ ነገር ከበለጠ ያሳጥሩት። የሚሰጡትን ቁጥር ሁሉ ከሂሳብ ክፍል ጋር ያመሳክሩ፤ ለባንክ የሰጡት ቁጥርና ለጋዜጣ የሰጡት ቁጥር ከተለያየ ሁለቱንም ያጣሉ። የደንበኛን ስም ወይም ፎቶግራፍ ከመጠቀምዎ በፊት ፈቃዱን በፊርማ ይቀበሉ።

መድኃኒት፣ የሕክምና አገልግሎት፣ ምግብ ወይም አልኮል የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ የሚናገሩትን ሁሉ አስቀድመው ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ። በእነዚህ ዘርፎች፣ በተለይም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ፣ ገደቡ ጥብቅ ነው።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያውን ዜና ይላኩ

በመጀመሪያ «ይህ ለእኔ ሳይሆን ለአንባቢው ምኑ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ መግለጫዎች እንዲህ ብለው ይጀምራሉ፦ «ድርጅታችን በዘርፉ ግንባር ቀደም በመሆን ለኅብረተሰቡ ጥራቱን የጠበቀ አገልግሎት በመስጠት ላይ የሚገኝ ሲሆን…» አዘጋጁ ከዚህ በኋላ አያነብም፤ ምክንያቱም የድርጅቱን ስም ቢቀይሩት ለማንም ይሆናል። የእንጨት ሥራ ድርጅቱ ስምንት ወር ቆይቶ የላከው መግለጫ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ግን ይህ ነበር፦ «ያዘዘው ዕቃ በውል ከተጻፈው ቀን ለሚዘገይበት ደንበኛ፣ ለእያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት ከዋጋው ላይ ተቀናሽ እንደሚያደርግ ድርጅቱ አስታወቀ።» ይህ ዜና ነው፤ ቤት ዕቃ አዝዞ የተጉላላ ሰው ሁሉ ያነበዋል። በደረጃ 1 የተጻፈውን ጥርጣሬም በቀጥታ ይመልሳል።

አላላኩን እንዲህ ያድርጉ፦

1. መግለጫውን ከአንድ ገጽ አያሳልፉ። የመጀመሪያው አንቀጽ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የትና ለምን የሚሉትን ይመልስ።
2. የሚልኩለትን ሰው ይምረጡ። ሁለት ሳምንት ጋዜጦቹን ያንብቡ፣ ሬዲዮውን ያዳምጡ፤ ስለ ዘርፍዎ የሚዘግበውን ጋዜጠኛ ለይተው ለእሱ ይላኩ። ለመቶ አድራሻ በአንድ ጊዜ የተላከን መልእክት ማንም እንደ ራሱ አይቆጥረውም።
3. ቀኑን ያስተካክሉ። የአማርኛው ሪፖርተር እሑድና ረቡዕ፣ አዲስ አድማስ ቅዳሜ፣ በእንግሊዝኛ የሚታተሙት አዲስ ፎርቹንና ካፒታል እሑድ ይወጣሉ። ለሳምንቱ መጨረሻ ጋዜጣ ዓርብ ከሰዓት የደረሰ መግለጫ ዘግይቷል፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይድረስ።
4. ከላኩ በኋላ በማግሥቱ አንድ ጊዜ ይደውሉ፤ ከዚያ በላይ አያስጨንቁ።
5. ደንበኞችዎ አዳማ ወይም ጅማ ከሆኑ መግለጫውን በአፋን ኦሮሞም ያዘጋጁ። ቤት የሚሸጡት ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላሉ ወገኖች ከሆነም የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ብቻውን አያደርስዎትም፤ እዚያ ያሉትን የማኅበረሰብ ሬዲዮዎችና ገጾች ይፈልጉ።

ሆቴል ተከራይቶ ጋዜጠኞችን መሰብሰብ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የሚታይ ነገር ካለዎት ወደ ፋብሪካዎ ይጋብዟቸው፤ የማሽኑ ድምፅና የሠራተኛው እጅ ከአዳራሽ ንግግር የተሻለ ዜና ይሰጣሉ።

*ነገሩ ካልተሳካ*

ማንም ካልዘገበው፦ ለአንድ ጋዜጠኛ ደውለው «ምን ቢኖረው ትዘግበው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ይጻፉት፤ የሚቀጥለውን መግለጫ በእሱ ላይ ይሥሩ። የመጀመሪያው መግለጫ ሳይዘገብ መቅረቱ የተለመደ ነው።

ስሕተት ታትሞ ከወጣ፦ በዚያው ቀን፣ ሳይቆጡ፣ ስሕተቱንና ትክክሉን ጎን ለጎን ጽፈው ለአዘጋጁ ይላኩ። ማስተካከያ ካልተሰጠ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የመልስ መብት ስለሚሰጥ በደብዳቤ ይጠይቁ። የማይወዱት እውነት ግን ስሕተት አይደለም።

የ«ትራንስፖርት» ወይም የአበል ጥያቄ ከመጣ፦ ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ጽፈው ይያዙ። ከከተማ ውጭ ላለ ጉብኝት መኪና ማቅረብና ምሳ ማብላት ይቻላል። በፖስታ ገንዘብ መስጠት ግን አይጀመር፤ አንዴ ከጀመሩ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ዜናውን የሚፈልገው ጋዜጠኛ አይሆንም፣ ጥሩው ጋዜጠኛም ይሸሽዎታል። በኤጀንሲዎ በኩል እንዳይሰጥም በውሉ ላይ ያስፍሩ።

ደረጃ 8፦ ለክፉ ቀን ይዘጋጁ

ለዚህ ሥራ የሚያወጡት ገንዘብ ከሁሉም በላይ የሚከፍልዎት በዚህ ደረጃ ነው፤ ማናችንም ልናስበው የማንፈልገውም ይህንኑ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሲከሰከስ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ ሕይወታቸው አለፈ። ያንን ሐዘን እንደ ትምህርት መጥቀስ ከባድ ነው፤ ሆኖም አየር መንገዱ ያን ቀን የሠራውን ማንኛውም ድርጅት ሊያጠናው ይገባል። በመጀመሪያው መግለጫ አደጋው መድረሱንና በአውሮፕላኑ ውስጥ ነበሩ ተብሎ የሚታመኑትን ሰዎች ብዛት ተናገረ፤ ስለ ተረፉና ስለ ሞቱ ሰዎች ገና የተረጋገጠ ነገር እንደሌለም አብሮ ገለጸ። ቀጣዮቹ መግለጫዎች ተራ ቁጥር እየተሰጣቸው ስለወጡ የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ለመለየት ቀላል ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ቀን አደጋው በደረሰበት ቦታ ተገኙ።

ለድርጅትዎ ከዚህ የሚወሰደው አሠራር የሚከተለው ነው።

1. ሊደርሱ የሚችሉ ሦስት ክፉ ነገሮችን ዛሬ ይጻፉ፦ የሠራተኛ ጉዳት፣ የተበላሸ ምርት፣ የሐሰት ወሬ።
2. ለእያንዳንዱ ማን ይናገራል፣ ማን ያጣራል፣ ማን ለተጎጂው ቤተሰብ ይሄዳል የሚለውን በስምና በስልክ ያስፍሩ። የቤተሰቡ ጉዳይ ከመግለጫው ይቀድማል።
3. በመጀመሪያው ሰዓት የሚወጣውን አጭር መግለጫ አስቀድመው ያርቅቁ፦ ምን እንደተፈጸመ፣ ያረጋገጡት ምን እንደሆነ፣ ያላረጋገጡት ምን እንደሆነ፣ ቀጣዩ መግለጫ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይናገር። በተባለው ሰዓት አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «እስካሁን አዲስ ነገር የለም» ብለው ያውጡ።
4. ለሠራተኞችዎ ከውጭው ሰው በፊት ወይም እኩል ይንገሩ። ከጥበቃው እስከ ሾፌሩ ሁሉም በዚያ ቀን ይጠየቃል።
5. መግለጫዎችዎን ቁጥርና ሰዓት ይስጧቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተጻፈብዎትን ነቀፋ አያጥፉ። ስድብና ማስፈራሪያን መሰረዝ ይቻላል፤ ቅሬታን ከሰረዙ ግን የማያ ገጹ ፎቶ አስቀድሞ ተነሥቷልና «ሰረዙት» የሚል ሁለተኛ ወሬ ይጨመርብዎታል። በስሜት ተነሣሥተው በግል ገጽዎ መልስ አይጻፉ። ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ ይቅርታውን «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ» በሚል አያድበስብሱት፤ ያጠፉትን ጠርተው፣ የሚያስተካክሉበትን ቀን ይናገሩ።

ደረጃ 9፦ ይለኩና በስድስተኛው ወር ይወስኑ

ኤጀንሲዎች አንዳንድ ጊዜ «ይህ ዘገባ በማስታወቂያ ዋጋ ሲተመን ይህን ያህል ብር ያወጣል» የሚል ሪፖርት ያቀርባሉ። አይቀበሉት። የዘርፉ ባለሙያዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባርሴሎና ላይ በተስማሙበት መርሕ ይህ ስሌት የሕዝብ ግንኙነትን ዋጋ እንደማያሳይ አስታውቀዋል። የተከታይ ብዛትም ብቻውን ምንም አይነግርዎትም።

ወደ ደረጃ 1 ዓረፍተ ነገር ይመለሱ። እነዚያ ሰዎች ያላደረጉትን ነገር አሁን እያደረጉ ነው? በምሳሌአችን መሠረት የሚቆጠረው ዋጋ የጠየቁ የሆቴል ባለሀብቶች ብዛት ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረውን የሦስት ወር ቁጥር ይያዙ፤ ለሚደውል ሁሉ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንግዳ ተቀባይዋ ትጠይቅ፤ በስድስተኛው ወር ለሌሎች 15 ሰዎች እንደገና ይደውሉና ሁለቱን ዓምዶች ያስተያዩ።

ቁጥሩ ካደገ በጀቱን ሳይጨምሩ ስድስት ወር ይቀጥሉ። ሰዎች ስለ እርስዎ ሰምተው ግን ካልመጡ ችግሩ ከዋጋው ወይም ከመሸጫ ቦታው ሊሆን ስለሚችል ደረጃ 2ን ይድገሙ። ማንም ካልሰማ መልእክቱን ሳይሆን በመጀመሪያ መንገዱን ይቀይሩ። ሁለት ጊዜ ቀይረው ካልተለወጠ ያቁሙ፤ የቀረውን ገንዘብ ወደ ምርት ጥራት ይመልሱት።

ውል ሲያቋርጡ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የሚረከቡት ነገር አለ፦ ያልተቀነባበሩት ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች፣ የተገናኙዋቸው ጋዜጠኞች ዝርዝር፣ የፌስቡክ ገጹና የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤትነት ከነሙሉ የአስተዳዳሪነት መብታቸው። ቻናሉ የተከፈተው በኤጀንሲው ሠራተኛ የግል ስልክ ቁጥር ከሆነ ባለቤትነቱ ወደ ድርጅቱ ቁጥር መዛወሩን በራስዎ ስልክ ገብተው ያረጋግጡ፤ የቀድሞ አድሚኖችን በዚያው ሰዓት ያስወጡ፤ ከዚያ በኋላ ቼኩን ይፈርሙ።